ከአልጋ ሥር ያለው ባትሪ

ማናልበሽ በጓሮ በኩል ካለው ማድ ቤት ሆና እሳት ስታያይዝ፣ ባሏና ወንድሟ በፊተኛው ክፍል ሲንሾካሾኩ ሰማች። ገና ጎህ አልቀደደም። በመሃል ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ማገሩ ስለሚታይ፣ እዚያ ላስነጠሰ ሰው ከዚህ ሆኖ "ይማርህ" ማለት ይቻላል። ሁለቱ ወንዶች ከሰኞ ጀምሮ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። ስለ ሥራ ማቆሙ ቀርቶ ስለ ፋኖሱ ክር ቁመት እንኳ ሲነታረኩ ነው የሰነበቱት። ዛሬ ግን ሲስማሙ ሰማቻቸው።

"ከመጡ እኔ ባትሪውን ለወኪሉ አስረክቤአለሁ ነው የምለው" አለ ወንድሟ መሸሻ።

"እኔ ደግሞ ባለቤቴ የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም እላለሁ" አለ ባሏ ገብረወልድ።

"እሷስ?"

"እሷን ማን ይጠይቃታል? የቤት ሴት ናት።"

መሸሻ "እሱስ ልክ ነህ" አለ።

ማናልበሽ በእጇ የያዘችውን ጭራሮ እሳቱ ውስጥ ጨመረችና እፍ አለች። ቅር ይላት እንደሆነ ጠበቀች፤ አላላትም። የተሰማት ነገር ቢኖር የጢሱ መራራነት ብቻ ነው። ማገዶው የጽድ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ትናንት ከአህያ ላይ ስታስወርድ ሻጩ ደረቅ ነው ብሎ አንድ ብር ከስሙኒ ተቀብሏታል።

የሚያወሩት ስለ አውሮፕላን ባትሪ ነበር። መሸሻ የአንድ የግል ኩባንያ አብራሪ ነው። ሁለት ሞተር ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ያመጣና ሮቤ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ጊኒር፣ አንዳንዴም ወደ ቆላው ይቀጥላል። ሮቤ ባደረ ቁጥር እህቱ ቤት ያድራል። በጋ ሲሆን የሮቤ ሌሊት ውርጭ ስለሆነና ሜዳ ላይ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሞተር ስለማያስነሳ፣ ማታ ማታ ባትሪውን ፈትቶ በጋሪ ወደ ቤት ያመጣዋል። ምድጃው አጠገብ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። እሳቱ እንዳይጠፋ ማናልበሽ ከመተኛቷ በፊት አንድ ጉማጅ ትጨምራለች፤ ሌሊትም አንዴ ተነስታ ትቆሰቁሳለች። ይህን አድርጊ ያላት ሰው የለም። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ተነስታ ማገዶ ጨመረች፤ ከዚያ ወዲያ የእሷ ሥራ ሆነ። ፀሐይ ሳትወጣ ባትሪው ተመልሶ በጋሪ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሲያጓራ የሮቤ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ፤ ቀን ቀን ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ግን ባትሪው ከቤት አልወጣም። አብራሪዎቹ በማኅበራቸው በኩል ተነጋግረው፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እያንዳንዱ ባለበት እንዲቀር ተማምለዋል። አንዱ ጅማ፣ አንዱ ጎዴ፣ አንዱ ሮቤ። ነገሩ የክፍያ ነው። ኩባንያው የሚከፍለው ለተበረረበት ሰዓት ብቻ ነው። ጭጋግ ከዘጋ፣ መለዋወጫ ከዘገየ፣ ወይም አውሮፕላኑን የተኮናተረው ባለሥልጣን ግብዣ ላይ ተቀምጦ ከረሳቸው፣ ያ ቀን የማንም አይደለም፤ ደመወዝም የለው፣ አበልም የለው፣ ማደሪያም የለው። ማናልበሽ ይህን ለመረዳት ማኅበር መግባት አላስፈለጋትም። ባለፈው ዓመት ጭጋግ ዘግቶ መሸሻ ዘጠኝ ቀን እሷ ቤት ከርሟል። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ሲቀርብ "ጠግቤአለሁ" ማለት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ያን የቆዳ ጃኬቱን አውልቆ እንጨት ሲፈልጥላት ዋለ፤ መጥረቢያ ይዞ ስለማያውቅ እጁ ተላጠ።

ገብረወልድ ደግሞ የዚያው ኩባንያ ወኪል ነው። ሥራውን ያስገባው መሸሻ ነው። ቲኬት ይቆርጣል፣ ዕቃ ይመዝናል፣ ሜዳው ላይ የገቡ ከብቶችን ያስወጣል። ቤቱን የተከራየው ኩባንያው ነው፤ ፊተኛው ክፍል ቢሮ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ የዕቃ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ አውሮፕላን የተሣለበት የዓመት መቁጠሪያ። ከመጋረጃው በኋላ አልጋቸው ነው፤ ከአልጋው በኋላ ማድ ቤቱ። ስለዚህ ሥራ ያቆመውም ሰው፣ ሥራ የቆመበትም ሰው ከሰኞ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በመሃል ያለው ዝምታ እንጀራ ሲቆረስ ይሰማል።

ትናንት ከጎባ ስልክ ቤት መልእክት መጣ፤ ከአዲስ አበባ አንድ የኩባንያው ኃላፊ ፈረንጅ አብራሪ ይዞ በላንድሮቨር ተነስቷል፤ ነገ ይደርሳል፤ አውሮፕላኗ ተዘጋጅታ ትጠብቀው የሚል። ባትሪ ከሌለ አትነሳም። የጭነት መኪና ባትሪ ለእሷ አይሆንም፤ ሌላ ደግሞ በመላው ባሌ የለም።

ቅንጬውን በቅቤ አድርጋ አቀረበች። ሁለቱም አቀርቅረው በሉ። ከበሉ በኋላ ገብረወልድ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ማናል፣ ያንን ባትሪ ከምድጃው አጠገብ አንሺውና ለጊዜው አንቺው ዘንድ አስቀምጪው። ሰው ሲገባ ሲወጣ እግር ይመታዋል።"

"እሺ።"

"የት እንደሆነ ደግሞ እኛ ባናውቅ ይሻላል" አለ መሸሻ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። "እታለም ከደበቀችው እኔም አላገኘውም። ልጅ ሆነን ስኳሩን የት ትደብቂ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

"ትሰርቀው ነበራ" አለችው።

ሳቀ፤ ገብረወልድም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሁለቱም መሳቃቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ሜዳው ወረዱ። መሸሻ ሥራ ካቆመ ጀምሮ በየቀኑ እየሄደ አውሮፕላኗ ውስጥ መቀመጫው ላይ ይቀመጣል፤ ሥራውን ትቶ ሄደ እንዳይባል። ገብረወልድም ከክንፏ ሥር ይቆማል፤ ጥበቃውን ትቶ ሄደ እንዳይባል። ማናልበሽ ባትሪውን በጆንያው እየጎተተች መጋረጃውን አልፋ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው። ሲጎትቱት ከክብደቱ ብዛት እንደ ሰው ያቃስታል። አልጋ ልብሱን እስከ መሬት ዝቅ አደረገችና እጇን ታጠበች።

ረፋድ ላይ ሰፈሩ ሁሉ "አዮ"፣ እማማ፣ የሚላት ጎረቤቷ ሃጂራ መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ጥቅልል፣ በሌላው ጩኮ የሞላ ቆርቆሮ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሲናና ማሳዋ የሚገባውን ስንዴ እየሸጠች ለሐጅ ስታጠራቅም ኖራለች። ወደ ጅዳ የሚሄደው የሐጅ አውሮፕላን ነገ ማታ ከአዲስ አበባ ይነሳል፤ የዘንድሮ የመጨረሻው ነው። የሮቤውን ቲኬት ገብረወልድ የቆረጠላት ሥራ ማቆም የሚባል ነገር ሳይሰማ ነው። አውቶቡሱ ዛሬ ሳይነጋ ሄዷል፤ ቢኖርም ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

"አከም ቡልቴ፣ ማናል? በሰላም አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ነጋ ጀርታ አዮ? ይግቡ።"

"አልሐምዱሊላህ። ልጄ ዘይነዲን ሱቁን ትቶ አልመጣም፤ ገበያ ነው ዛሬ። ፈረንጅ ይመጣል አሉ። ፈረንጁ ይነዳታል አሉ። እውነት ነው?"

"እንዲህ ይላሉ።"

"ወንድምሽስ አይነዳም?"

"አይነዳም።"

"ምን ሆኖ? ታመመ?"

"አይ፣ ደህና ነው።"

አዮ ሃጂራ ይህን ትንሽ አሰበችበት፤ ከዚያ ተወችው። የሌላ ቤት ነገር ነው። "በይ መዝኚኝ" አለችና ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች መንገደኛው ከነዕቃው ይመዘናል፤ ከባዱ ከፊት፣ ቀላሉ ከኋላ ይቀመጣል። ሴቶቹ በወንድ ፊት ሚዛን ላይ መውጣት ስለሚያፍሩ የሚመዝናቸው ገብረወልድ ሳይሆን ማናልበሽ ናት። በሩን ዘግታ፣ ሚዛኑን አስተካክላ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ሳትናገር ለባሏ በጣቷ ታሳየዋለች። ይህም እንደ እሳቱ ነው፤ ማንም ሳያዛት የእሷ ሆነ።

"ስልሳ ስምንት።"

"ዋሽታለች! ሚዛንሽ ትዋሻለች። እኔ ስልሳ አልሞላም።"

"ጩኮውን ይዘውታላ።"

"እሱን ምን አድርጊው ትያለሽ? ጩኮዬ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም።" ወርዳ ቆርቆሮውን ከፈተችና በጣቷ ቆንጥራ ለማናልበሽ አጎረሰቻት። የገብሱና የቅቤው ጣዕም አፏ ውስጥ ቀረ። "ዱዓ አደርግልሻለሁ እዚያ። ምን ልለምንልሽ? ልጅ?"

"የፈለጉትን ይለምኑልኝ።"

"አይሆንም፤ ስም ጠርቼ ነው የምለምነው። አስቢበት፤ እዚህ ነኝ።" ብላ ወንበሩን ወደ በሩ ጎትታ፣ ፀሐይ ወደሚመታበት ዞራ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋ በጣቶቿ መካከል ያልፋል። ከፊቷ የገበያ ሰው ይተምማል፤ የገብስ ጆንያ የጫኑ አህዮች፣ ማር የያዙ የሐረና ሰዎች፣ በፈረስ የመጡ አባወራዎች።

ማናልበሽ ወደ መጋረጃው ተመለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ምን ይለመንልኝ ልበላት ብላ ለማሰብ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ልጅ መፈለግ ካቆመች ቆይታለች፤ ቤት የኩባንያው ነው፤ ወንድሟም ባሏም አጠገቧ ናቸው። ካልሲ እየጠቀመች ቀትር ሆነ።

ላንድሮቨሩ ከነአቧራው ደጃፉ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሜዳው ዘንድ ደርሶ ነው የመጣው። ከፊት አንድ ሽክ ያለ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ወረደ፤ ከኋላ አንድ ሸምገል ያለ፣ አፍንጫው የቀላ፣ ከባድ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ። ካፖርት የለበሰው ለአዮ ሃጂራ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገባ።

"ወይዘሮ ማናልበሽ? ብዙነህ እባላለሁ፤ ከዋናው ቢሮ ነኝ። እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።"

አልተቀመጠም። "ወንድምዎ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። የትናንት በስቲያውን። ባትሪውስ ብለው ለወኪሉ አስረክቤአለሁ አለኝ። ባለቤትዎን ብጠይቀው ባለቤቴ ናት የምታውቀው አለኝ።" ሳቅ አለ። "እንግዲህ የቀሩት እርስዎ ነዎት።"

ስለዚህ ጠየቋት። ወንዶቹ ያላሰቡት ይህን ነው። ማናልበሽ መርፌውን ካልሲው ላይ ሰካችና አስቀመጠችው።

"ከአልጋዬ ሥር ነው" አለች።

ብዙነህ ይህን ያህል ይቀላል ብሎ አልጠበቀም። "እንግዲያውስ እግዜር ይስጥልኝ። ሾፌሩ ያውጣው?"

"አይ። ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። ይምጡና እዚሁ ይንገሩኝ።"

"ማን ማን?"

"ባሌም ወንድሜም። አደራ ነው፤ የሰጡኝ በሌሉበት ለማን አስረክባለሁ?"

ብዙነህ ሰዓቱን አየ። ከቀትር በኋላ በሮቤ ሜዳ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማኮብኮቢያውን ከጎን ስለሚመታው ትንሽ አውሮፕላን ሙሉ ጭና መነሳት አይሆንላትም። ፈረንጁም ይህን ስለሚያውቅ ደጅ ላይ ቆሞ ባሕር ዛፎቹን ጫፍ ጫፋቸውን ያያል። መኪናው ወደ ሜዳው ወርዶ ሁለቱን ወንዶች ይዞ ተመለሰ። መሸሻ ጋዜጣውን በብብቱ እንደያዘ ገባ፤ ገብረወልድ ኮፍያውን አውልቆ። በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሚዛኑን ከበው ቆሙ። አዮ ሃጂራ ከደጃፉ ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች።

"ይኸው በአቶ ብዙነህ ፊት" አለች ማናልበሽ። ድምፅዋ የተለየ አልነበረም፤ ጨው አቀብሉኝ እንደምትል ነው። "ባትሪውን አስቀምጪ አላችሁኝ፤ አስቀመጥኩ። አሁን ይስጡን ይላሉ። ልስጥ ወይስ አልስጥ?"

መሸሻ ወደ አቡጀዲው ኮርኒስ አንጋጠጠ። "ኧረ እታለም፣ እኔን ምን አገባኝ? እኔ ለወኪሉ አስረክቤአለሁ።"

"የጠየቅሁህ ለማን እንዳስረከብክ አይደለም። ስጪ በለኝ፤ ወይ አትስጪ በለኝ።"

"እንግዲህ... እንደ ፈለግሽ።"

"ገብሬ?"

ገብረወልድ ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። ብዙነህ "ተናገራ!" አለው። "ሚስትህ አይደለችም እንዴ? እዘዛታ!"

"እኔም እንደዚያው ነኝ" አለ ገብረወልድ። "እንደ ፈለገች።"

እንደ ፈለገች። ማናልበሽ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ልቧ ውስጥ ፈለገች። ብትሰጥ መሸሻ ለማኅበሩ "እህቴ ሳታውቅ ሰጠችብኝ" ይላል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ባለበት ሲቀመጥ የሮቤዋ ብቻ ተነሳች ይባላል። ባትሰጥ ገብረወልድ ወኪልነቱን ያጣል፤ ቤቱም ይሄዳል፤ እሱም "እሷ ናት" ይላል። ከደጅ ደግሞ ነጩ ልብስ አለ፤ ወደዚያ አላየችም። ክብደቱን በዚህም በዚያም ብታስቀምጠው ሚዛኑ ወደ የትም አልሄደም። ያገኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሊት ከሞቀ አልጋ ወርዳ እግሯ መሬቱን ሲነካ የሚሰማት ቅዝቃዜ።

"አቶ ብዙነህ፣ ይህ ባትሪ ሦስት በጋ ሙሉ የሞቀው በማን ማገዶ ነው?"

"ምን አሉ?"

"ማገዶው የማን ነው? እያልኩ ነው። ወንድሜ ሲጠብቅ የሚበላው እንጀራስ?"

ብዙነህ ፊቱ ፈካ። ነገሩ የገባው መሰለው። ቦርሳውን አወጣ። "ምነው ታዲያ ይህን ቀደም ብለው ቢናገሩ! የማገዶ ከሆነማ ኩባንያው ለዚህ አያንስም። ስንት ይሁን?"

"አብራሪዎቹንም እንዲህ ብትጠይቋቸው ኖሮ እርስዎ እዚህ አይመጡም ነበር።"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

"ሌላ አይደለም" አለችና ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። "አልሰጥም።"

መጋረጃው እንደተገለጠ ቀረ። አልጋው ይታያል፤ ከአልጋ ልብሱ ጠርዝ ሥር የጆንያው ጫፍ ይታያል። ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሾፌሩ በር ላይ ደርሶ ነበር፤ ብዙነህ ዞሮ አየው፤ ሾፌሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ባሏ ቆሞ እያየ ባለትዳር ሴት ከተቀመጠችበት አልጋ ሥር እጁን የሚሰድ ወንድ በዚያ ክፍል ውስጥ አልተገኘም። ባሏ ይችል ነበር። ወንድሟም ይችል ነበር። ሁለቱም ሚዛኑን ያዩታል።

"ፖሊስ ከጎባ አመጣለሁ" አለ ብዙነህ። "የኩባንያ ንብረት ነው፤ ይህ ስርቆት ነው።"

"ያምጡ።"

ፈረንጁ ከውጭ አስነጠሰና አንድ ነገር ተናገረ፤ በእጁ ወደ ዛፎቹ እያመለከተ። ጫፎቻቸው ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል። ብዙነህ ወጥቶ አነጋገረው። ነገ ጠዋት ቢሆንስ አለው መሰለኝ፤ ፈረንጁ መሀረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሁለት ጣቱን አነሳ።

"ምን ይላል?" አለ ገብረወልድ።

"አድሮ ከጠበቀ እጥፍ ነው ይላል" አለ መሸሻ። "ለሚጠብቅበት።" ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ስለሌለ ቶሎ አቆመ።

ብዙነህ ለመጠበቂያ መክፈል አልፈለገም። ተመልሶ ገባና ሥራውን ጨረሰ። ገብረወልድ ከዛሬ ጀምሮ ወኪል አይደለም። ቢሮው ይታሸጋል፤ ሚዛኑ የኩባንያው ነው። የቤቱ ኪራይ እስከ እሁድ ተከፍሏል፤ ከእሁድ በኋላ አያገባንም። የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘን እንመለሳለን። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ማናልበሽን ሲጠራትም "እርስዎ" ማለቱን አልተወም። የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለ፤ ለጊዜው በጓሮው በር ተጠቀሙ፣ ከመጋረጃው ወዲህ አትለፉ አለ።

አዮ ሃጂራ አሁን ከወንበሯ ተነሳች። "እኔስ?" አለች። ጥቅልሏንና ቆርቆሮዋን አንስታ ወደ ላንድሮቨሩ ሄደች፤ የፊት በሩን ከፈተች፤ እግሯን አንስታ ገባችና በሩን በኃይል ዘጋችው።

"እማማ፣ ይውረዱ እንጂ" አለ ብዙነህ እየሮጠ። "የኩባንያ መኪና ነው።"

"ቲኬቱስ የማን ነው? የአህያ ነው? ከፍያለሁ። ተመዝኛለሁ!"

"ገንዘብዎ ይመለስልዎታል፤ አውሮፕላን ነው የቆረጡት እንጂ መኪና..."

"ክንፍ አስቀጥልበት እንግዲህ! ወላሂ አልወርድም። ሌሊቱን ሙሉ ንዳው፣ ነገ ጅዳ ሄጃለሁ ኢንሻአላህ። የሐጅ መንገደኛ ጎትቶ የሚያወርድ ካለ ይምጣ፤ ገበያ ነው፣ ሰው ሞልቷል።"

ሰው ሞልቶ ነበር። የፈረስ ልጓም የያዙ፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ፣ ሁሉም ቆመዋል። አንዱ በኦሮምኛ አንድ ቀልድ ጣለ፤ ሳቁ እየተቀባበለ እስከ እህል በረንዳው ሄደ። ብዙነህ ካፖርቱን ቆለፈ፤ ፈታው። በመጨረሻ ከኋላ ገባ፤ ፈረንጁም ጉንፋኑን ይዞ በቤንዚን ጀሪካኖቹ መካከል ተሸጎጠ።

ማናልበሽ በጓሮ ዞራ እስከ መኪናው መጣች። ለምን እንደመጣች አታውቅም። አዮ ሃጂራ በመስኮቱ አየቻት።

"አዮ..."

"ዶሮዎቼን የልጄ ሚስት ረቢያ ታያቸዋለች" አለች አዮ ሃጂራ ፊቷን ወደ መንገዱ እየመለሰች። "አንቺ እቤቴ አትምጪ።"

መኪናው ሄደ። አቧራው ገበያተኛው ላይ ወረደ፤ ገበያተኛውም አራግፎ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

በጓሮ በር ስትገባ ሁለቱ ወንዶች አልጋው አጠገብ ቆመዋል፤ ሌላ የሚቆሙበት ቦታ ስለሌለ ነው። የፊተኛው ክፍል በር በሰም ታሽጓል። ገብረወልድ ቀስ ብሎ ምድጃው አጠገብ ጉልቻ ላይ ተቀመጠና ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ተወው። ቢቆጣ ይቀላት እንደነበር አሰበች፤ ከዚያ ይህም እውነት መስሎ አልታያትም። ነፋሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ አለፈ። ራት የሚሆን ምን እንዳለ አሰበች፤ ሽሮ አለ፤ ዘይት አልቋል።

"እታለም" አለ መሸሻ።

"አቤት።"

"ለምን አልሰጠሽውም?"

ዘወር ብላ አየችው። እያሾፈ አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ ያልተላጨ ፊቱ ላይ የነበረው ድካም እንጂ ደስታ አይደለም። "መስጠት ነበረብኝ?" አለችው።

"አይ... እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። ብትሰጪው ኖሮ ያልቅ ነበር። እኔ ሰጠሁ አይባልም፤ እሱም ሰጠ አይባልም። ፈረንጁ ያስነሳታል፣ እኔም ነገ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ። የጅማውም የጎዴውም ባትሪውን ይዞ፣ ማን ቀድሞ ይተዋል እያለ ነው የሚጠብቀው። አሁን ግን..." ጋዜጣውን አጠፈው፤ ዘረጋው። "አሁን ግን እስከ መጨረሻው መሄድ አለብኝ ማለት ነው።"

ገብረወልድ ቀና አለ። በአንድ ጫማ እንደተቀመጠ የሚስቱን ወንድም አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። እሱም ሚስቱ እንድትሰጥ ይጠብቅ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ማናልበሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከግድግዳው ላይ ልብሶቹን አውርዳ በአንሶላ መሃል አስቀመጠችና አራቱን ጫፍ ቋጠረች። ድስቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ አደረገች። ከዚያ አልጋ ልብሱን ገፈፈች፤ ፍራሹን ጠቀለለች፤ አልጋው ባዶ ቀረ።

"እሁድ ገና ነው እኮ" አለ ገብረወልድ።

"ገብሬ፣ አንተ በራስጌ ያዝ። መሸሻ፣ አንተ በግርጌ።"

ሁለቱም ታዘዙ። አልጋውን ከወለሉ ከፍ አድርገው፣ ባትሪው ከነጆንያው በመሃላቸው ወለሉ ላይ ተጋልጦ፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ገብረወልድ አንድ እግሩ ባዶ፣ ወደ እሷ ዞሩ።

"ወዴት ነው የምንወስደው?" አለ መሸሻ።

"እኔ እንጃ" አለች። "ብቻ አንሱት።"